ላይሰንሱ ሲያልቅ የደንበኛው ሂሳብ አይቆለፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሥራዬ ለፋርማሲ፣ ለአስመጪና ለጅምላ ነጋዴ የሚሆን የሂሳብና የስቶክ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ይህን ደብዳቤ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው እንደኔ ሶፍትዌር ሠርቶ የሚሸጥ ነው። ሌላኛው ገዝቶ የሚጠቀመው ነጋዴ ነው። አሁን አሁን እዚሁ አገር የሚሠራው ሶፍትዌር ላይሰንስ፣ ማለትም የከፈለ ብቻ እንዲጠቀምበት የሚያደርግ የፈቃድ ቁልፍ፣ እየተገጠመለት ነው። መገጠሙን አልቃወምም፣ እኔም እገጥማለሁ። ችግሩ አገጣጠሙ ላይ ነው። ብዙው ከውጭ እንዳለ የተገለበጠ ነው፤ ኢንተርኔት የማይቋረጥበት፣ መብራት እንደኛ የማይጠፋበት፣ ኮምፒውተር ሲያረጅ ተጥሎ አዲስ የሚገዛበት ቦታ ታስቦ የተሠራ። እዚህ ሲመጣ ሌባውን አልፎ ከፋዩን ይይዛል።

መጀመሪያ ላይሰንስ ለምን እንዳስፈለገን ልናገር። ነጋዴው «ገንዘቤን ከፍዬ ምን አድርጌ ነው የሚቆለፍብኝ?» ይላል፣ እውነቱን ነው። ስለ ሶፍትዌር ስርቆት ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያስበው ዊንዶውስንና የሂሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ነው። ፒችትሪ ስሙ ሴጅ ሃምሳ ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እኛ ዘንድ ግን የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ነው የሚለው፤ ከማን ተገዝቶ እንደተጫነ ደግሞ የሚጠይቅ የለም። እነዚያን ክራክ የሚያደርጋቸው፣ ማለትም ቁልፋቸውን ሰብሮ በነፃ የሚበትናቸው፣ የማናውቀው የሩቅ ሰው ነው። የኛን ግን ማንም የሩቅ ሰው ቁጭ ብሎ አይሰብረውም። ለአንድ የመርካቶ ጅምላ አከፋፋይ የተሠራ ፕሮግራም ማን ትዝ ይለዋል?

የኛን የሚወስደው ቤተኛ ነው። የድርጅቱ አይቲ ሥራ ሲለቅ ፎልደሩን በፍላሽ ይዞ ይወጣል። በፓርት ታይም ለአራት ለአምስት ድርጅት ሂሳብ የሚይዝ አካውንታንት አንዱ ጋ የለመደውን ሌላው ጋ ይጭነዋል። ክፋት አስቦ እንኳ አይደለም፣ ሥራው ስለቀለለው ነው። ባለሱቁ ለወንድሙ ይሰጣል፣ ወንድሙ ለባለቤቱ ዘመድ ይሰጣል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ግማሹን ከፍሎ ግማሹን የሚያስቀረው ነው። «ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ እከፍልሃለሁ» ይላል። ሶፍትዌር መቼ ያልቃል? ዛሬ አንድ ሪፖርት ጨምርልኝ፣ ነገ ይቺን ዓምድ አንሳልኝ እያለ ዓመት ያልፋል።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከመጣጥፍ ጋር አንድ ላይ ቆጥሮ ጥበቃ ሰጥቶታል። ግን በአንድ ቅጂ የቀረብህን ገንዘብ ለማስመለስ ጠበቃ ይዘህ ፍርድ ቤት ብትመላለስ ወጪው ከሶፍትዌሩ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ቁልፍ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ ለቅሶው የቆየ ነው። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ ላይ፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ፣ «ቤዚክ ፕሮግራማችንን አብዛኞቻችሁ ሰርቃችሁ ነው የምትጠቀሙት» ብሎ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ኩባንያው ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ላይ አክቲቬሽን፣ ማለትም ቅጂው የተገዛ መሆኑን የሚያጣራ ቁልፍ፣ ያስገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ነው። ሃያ አምስት ዓመት ያለ አክቲቬሽን ሸጦ ነው ሀብታም የሆነው። ይህን የምለው ቁልፉን ከልክ በላይ ለሚያመልኩት ጓደኞቼ ነው።

እሺ፣ ይገጠም። እንዴት? ብዙ ጀማሪ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ሚስጥራዊ ስሌት ያስቀምጣል። ደንበኛው ቁጥር ሲያስገባ ያ ስሌት ትክክል ነው አይደለም ብሎ ይወስናል። ችግሩ ቁጥሩን የሚያመርተውና የሚፈትነው ስሌት አንድ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙን የከፈተ ሰው ስሌቱን ያገኘዋል፣ ከዚያ የፈለገውን ያህል ቁጥር እያመረተ ይሸጣል። ትክክለኛው መንገድ ዲጂታል ፊርማ ነው። ሁለት ቁልፎች አሉ፤ የሚፈርመው ቁልፍ እኔ ዘንድ ይቀራል፣ የሚያረጋግጠው ቁልፍ ብቻ ፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል። ላይሰንሱ ተራ ፋይል ነው። ውስጡ የማን እንደሆነ፣ ለስንት ኮምፒውተር እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግልና የትኞቹ ክፍሎች እንደተገዙ ተጽፎ ከታች ይፈረምበታል። አንዲት ፊደል ብትነካ ፊርማው ይበላሻል። ይህን የሚሠሩ ነፃ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የተቀመጡ ኮዶች፣ በየፕሮግራሚንግ ቋንቋው አሉ፤ የፊርማው ዘዴ አርኤስኤ ቢባልም ኢዲ 25519 ቢባልም። የራስህን ስሌት መፈልሰፍ አያስፈልግም። በዶላር ካርድ የሚከፈልባቸውን የውጭ የላይሰንስ አገልግሎቶችም መለመን አያስፈልግም።

ይህ ማለት አይሰበርም ማለት አይደለም። ጎበዝ ሰው ፕሮግራሙን ከፍቶ «ፊርማውን አረጋግጥ» የሚለውን መስመር ራሱን ሊያነሳው ይችላል። አይቲውና አካውንታንቱ ግን ያን አያደርጉም። ቁልፉ ለእነሱ ነው። ለዚያኛው ጎበዝ ብለህ ወራት ብታጠፋ፣ ያ ጊዜ ደንበኛህ የለመነህን ሪፖርት ሠርተህ የምትሰጥበት ጊዜ ነበር።

ላይሰንሱን በምን እንሰረው የሚለው ላይ ጉዳዩ አገርኛ ይሆናል። በድርጅቱ ስም ያሰሩ አሉ። ደንበኛው ስሙን ራሱ ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ከላይሰንሱ ጋር ያመሳክራል። ኃይሉ የሚባል ሰው ስሙን በሃ ይጽፈዋል፣ በሀ ይጽፈዋል፣ በኃ ይጽፈዋል። ሠናይት በሠም በሰም ናት። ለኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያየ ሰው ነው። ከዚያ «ላይሰንሴ አልሠራም አለ» የሚል ስልክ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቲን ቁጥር እሰሩት። አሥር አሃዝ ነው፣ ፊደል የለውም፣ ድርጅቱም አይለውጠውም።

ቲኑ ሌላም ጥቅም አለው። እኔ ካየሁት ጥበቃ ሁሉ ትልቁ ምስጢራዊ ኮድ አይደለም፤ በየሪፖርቱና በየደረሰኙ አናት ላይ የባለላይሰንሱን ስምና ቲን ማተም ነው። ከላይሰንሱ የሚነበብ እንጂ ተጠቃሚው የሚቀይረው አይሁን። የሌላ ድርጅት ስም የታተመበትን የሂሳብ መግለጫ ይዞ ግብር ቢሮ የሚሄድ ነጋዴ የለም። አካውንታንቱም በአንዱ ላይሰንስ የአምስት ድርጅት ሂሳብ መያዝ አይችልም። ከቻላችሁ ደግሞ ለእሱ የሚሆን፣ ብዙ ቲን የሚቀበል በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሸጥ ላይሰንስ አዘጋጁ። ትናንት ሲያባዛባችሁ የነበረ ሰው ነገ ሻጫችሁ ይሆናል። የኔ አንዳንድ ጥሩ ደንበኞች በዚህ በር ነው የመጡት።

ከኮምፒውተሩ ጋር ማሰርስ? በልክ ከሆነ ጥሩ ነው። አብዛኛው ሰው የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር (ማክ አድሬስ) ወይም የሃርድ ዲስኩን ቁጥር ይወስዳል። እዚህ አገር ግን አንድ ኮምፒውተር ዕድሜ ልኩን ሲጠገን ነው የሚኖረው። ሃርድ ዲስክ ይቀየራል፣ ፍላሽ የሚመስል የዋይፋይ መቀበያ ይሰካበታል፣ ትንሽ ሲንቀራፈፍ ደግሞ «ፎርማት አስደርገው» ይባላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮምፒውተሩ ለላይሰንሱ እንግዳ ነው። የማዘርቦርድ መለያ ቁጥር ያዙ የሚሉም አሉ፣ ርካሽ ቦርዶች ላይ ግን በቁጥሩ ቦታ «ቱ ቢ ፊልድ ባይ ኦ.ኢ.ኤም» (አምራቹ ይሙላው) የሚል ባዶ ጽሑፍ ነው የምታገኙት፣ በሺህ የሚቆጠር ኮምፒውተር አንድ መታወቂያ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ አምስት ነገር ውሰዱና ሦስቱ ከተመሳሰሉ አሳልፉት። ኤክስፒም ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ ጥቂት ዕቃ ቢቀየር ዝም ይላል፣ ብዙ ሲቀየር ነው የሚጠይቀው።

ደግሞ አዋጁ ሕጋዊው ባለቤት ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ እንዲይዝ ይፈቅድለታል። ኮምፒውተሩ ሲቃጠል ያን ቅጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ካልቻለ መጠባበቂያነቱ ምኑ ላይ ነው? ዶንግል ስለሚባለው ፍላሽ መሳይ ቁልፍ ብዙ አልልም። ጥበቃው ጥሩ ነው፤ ግን ይጠፋል፣ ምትኩን ከውጭ ለማስመጣት ደግሞ ዶላር ይፈልጋል።

ሰዓቱን ግን በቀላሉ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ከፋዩ ደንበኛ የሚጎዳው ከሁሉ ይበልጥ በዚህ ነው። የጊዜ ገደብ ያለው ላይሰንስ ሲኖር ብልጣ ብልጡ የኮምፒውተሩን ቀን ወደኋላ ይመልሳል። ይህን ለመከላከል ፕሮግራሙ ቀኑ ወደኋላ ሲሄድ ካየ ይቆልፋል። በወረቀት ላይ ያምራል። መርካቶም ሆነ ደሴ ያለ ኮምፒውተር ግን ሰዓቱን የሚያስኬደው የሲሞስ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ቦርዱ ወደተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ጠዋት መብራት ሲመጣ ካሸሯ ትከፍታለች፣ ፕሮግራሙ አጭበርብረሻል ይላታል። እሷ ምን አደረገች? ሱቁ ሰው ሞልቷል፣ ወረፋው እስከ በር ደርሷል፣ እሷ ማሽን ስትለማመጥ ታረፍዳለች። የሂሳብ ሶፍትዌር ደግሞ ሌላ ሰዓት አያስፈልገውም፤ ደረሰኙ ራሱ ሰዓት ነው። የመጨረሻው ደረሰኝ ትናንት ከተቆረጠ ዛሬ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ቀኑ ከመጨረሻው ደረሰኝ በፊት ከሆነ «የኮምፒውተሩ ቀን ልክ አይደለም፣ ያስተካክሉት» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። አጭበርባሪውም በዚህ አይጠቀምም፤ ቀን በመለሰ ቁጥር የደረሰኙ ቅደም ተከተል ይፋለስበታል።

አሁን ወደ ኢንተርኔት። ፕሮግራሙ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሻጩን ሰርቨር (በኢንተርኔት የሚገኝ ኮምፒውተሩን) እየጠየቀ ካልተመለሰለት የሚዘጋበት አሠራር አለ። ሰኔ 2012ን አስታውሱ። ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፣ ለሳምንታት። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ማለትም አካውንታንቱ ሁሉ ሌት ተቀን ስቶክ እየቆጠረ ዓመቱን በሚዘጋበት ሳምንት፣ በየሳምንቱ ሰርቨር የሚጠይቅ ፕሮግራም ሁሉ በገዛ ደንበኛው ላይ በር ሊዘጋ ነው። ከዚያ በኋላ ትግራይ ውስጥ ግንኙነት ሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ቆየ፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ጠፋ። ይህን እያወቀ ለመቀሌና ለጎንደር ደንበኛ በየቀኑ ኢንተርኔት የሚጠይቅ ላይሰንስ የሚሸጥ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይገባኝም።

የተፈረመ ፋይል ኢንተርኔት አይፈልግም። በቴሌግራም ትልክለታለህ፣ በፍላሽ ትሰጠዋለህ፣ አለቀ። ኢንተርኔት በሌለበት ማራዘም ካስፈለገስ? ሙሉ ፊርማው ወደ ፊደል ሲለወጥ መቶ ያህል ፊደል ስለሚሆን በስልክ አንብቦ ማስጻፍ አይሆንም። ስለዚህ ለችግር ጊዜ የሚሆን አጭር ኮድ ይኑር፤ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የሚያገለግል፣ ሠላሳ ቀን ብቻ የሚጨምር፣ በስልክ የሚነገር አሥራ ሁለት አሃዝ። የዚህ ኮድ ሚስጥር ፕሮግራሙ ውስጥ ስላለ ከፊርማው ይልቅ ደካማ ነው፣ አዎ። አንድ ሰው ለፍቶ ቢሰብረው የሚያተርፈው ሠላሳ ሠላሳ ቀን ነው። ይብላኝ ለሱ።

ላይሰንሱ የሚያልቅበት ቀንም ይታሰብበት። ብዙ ሰው ከበጀት ዓመቱ ጋር እንዲገጥም ብሎ ሰኔ 30 ያደርገዋል። ከዚህ የባሰ ቀን ቢፈለግም አይገኝ። ብዙው ድርጅት ያለፈውን ዓመት ግብር የሚያሳውቀው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፣ በዚያ ወቅት ገንዘቡም ጊዜውም የለውም። ታኅሣሥ ወይም ጥር አድርጉት። ደንበኛው ተረጋግቶ ይከፍላል፣ እናንተም ስልካችሁ ፋታ ባለው ሰሞን ትሠራላችሁ። ማስጠንቀቂያውም የሚያልቅበት ዕለት ብቻ ብቅ አይበል፤ ከወር በፊት ይጀምር፣ ካሸሯ ስክሪን ላይ ሳይሆን ባለቤቱ ስክሪን ላይ ይታይ። እሷ ምን ታድርገው?

የደብዳቤው ዋና ነገር ይኸው ነው፦ ቀኑ ደርሶ ደንበኛው ባይከፍልስ? ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሻጭ አንድ የማውቀው ፋርማሲ ላይ ያደረገውን አየሁ። ፕሮግራሙ ጭራሽ አልከፈት አለ። ውስጡ የመድኃኒቶቹ መጠቀሚያ ማብቂያ ቀን አለ፣ የዱቤ ሂሳብ አለ፣ የቀደሙት ዓመታት ደረሰኝ አለ። ባለ ፋርማሲው ያንን ሁሉ የጻፈው በራሱ እጅ ነው። ሶፍትዌሩ የሻጩ ነው፣ ዳታው ግን የደንበኛው ነው፣ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ንብረቶች ናቸው። ላይሰንስ ሲያልቅ አዲስ ሽያጭ መመዝገብ ይቁም፤ ያለውን ማየት፣ ማተምና ወደ ኤክሴል ማውጣት ግን ምንጊዜም ክፍት ይሁን። ነጋዴ አዲስ ደረሰኝ መቁረጥ ካልቻለ በማግስቱ ይደውላል፣ እመኑኝ። ሂሳቡን መያዣ ማድረግ አያስፈልግም።

አንዳንዶች ደግሞ በውል ሳይጻፍ፣ ለደንበኛው ሳይነገር፣ ከሩቅ ሆነው የሚዘጉበት ድብቅ በር ያስቀምጣሉ። ለቀሪ ክፍያ ዋስትና ነው ይላሉ። የ2008ቱን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ቢያነቡት ጥሩ ነው። የኮምፒውተር ዳታን ያለ ፈቃድ ማጥፋትና መለወጥ ብቻ አይደለም የተከለከለው፤ ለሕጋዊው ተጠቃሚ ተደራሽ እንዳይሆን ማድረግም በዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ። ለቀሪ ክፍያ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ግልጽ ነው፦ ግማሽ ለከፈለ የሦስት ወር ላይሰንስ ስጡት፣ ሲጨርስ ሙሉውን። ይህ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ይፈረምበት። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ «ሲያልቅ እከፍላለሁ» የሚለው ነገር በጣም ቀንሷል፣ ጠብም የለም።

ለነጋዴው ደግሞ። ስትገዛ ዋጋውን ብቻ አትከራከር። ላይሰንሱ ሲያልቅ የድሮ ሂሳቤን ማየት እችላለሁ ወይ? ኮምፒውተር ብቀይር ላይሰንሱን ለማዛወር እከፍላለሁ ወይ? ኢንተርኔት ባይኖር ለስንት ቀን ይሠራል? ብለህ ጠይቅና መልሱን ውሉ ላይ አስገባው። በቃል የተነገረህ አይጠቅምህም። «ክራክ ያለው በርካሽ አለ» የሚልህንም ተጠንቀቅ። ክራክ ለመጫን መጀመሪያ የሚባለው አንቲቫይረሱን አጥፋ ነው። አጥፍተህ የማን እንደሆነ የማታውቀውን ፕሮግራም ሂሳብህ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ታስገባለህ፤ ከዚያ በኋላ ዳታህ ተቆልፎ ገንዘብ ክፈል ቢሉህ ማንን ትከሳለህ?

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። የአገራችን ሶፍትዌር ድርጅት ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ነው። የሚፈርመው ቁልፍ ያለው በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ነው። ልጁ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ይሄዳል፣ ወይ ሌላ ሥራ ይይዛል፣ ወይ ይታመማል። ስልኩ አይነሳም። ላይሰንሱ ግን በቀኑ ያልቃል፣ የሚያድሰውም የለም። ሃምሳ ከፋይ ደንበኞች ምንም ሳያጠፉ ይቆማሉ። ለዚህ ሰርቨርም ዶላርም አያስፈልግም። ሽያጩ ሙሉ ሲከፈል ለዚያ ቲን ብቻ የሚሠራ፣ የጊዜ ገደብ የሌለው ሌላ ላይሰንስ ፈርማችሁ በፍላሽ ላይ አድርጉት፣ ፖስታ ውስጥ አሽጉና ሁለታችሁ የምታምኑት ጠበቃ ዘንድ አስቀምጡት። ውሉ ላይ ሻጩ በጽሑፍ ተጠይቆ ለስልሳ ቀን መልስ ካልሰጠ ፖስታው ይከፈታል የሚል አንድ አንቀጽ ጨምሩ። እኔ ለደንበኞቼ የማደርገው እንዲህ ነው። ወጪው የአንድ ፍላሽና የጠበቃው የማስቀመጫ ክፍያ ብቻ ነው፣ እሱንም ከዋጋው ላይ ደምሬ ነው የምነግራቸው፣ እስካሁን የተከራከረኝ የለም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ